«በፈቃዱ ነው የሄደው»

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላምና እዝነት በነብያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ሰፈር ሕፃናትን ቁርኣን ማስቀራት ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ልጆቹ ሉሓቸውን ይዘው ሲገቡ፣ እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ ወደ ተራራው የሚወጡትን እናቶች ማየት ልማዴ ነበር። ጠዋት ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ፤ ከቀትር በኋላ ከቁመታቸው የሚረዝም ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ይወርዳሉ። የሚሸከሙት ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለው ይህ ዛፍ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ እንጀራ ሆኖ ኖሯል። ለሰፈራችን ሰው «ባሕር» የሚለው ቃል ለረጅም ጊዜ ከዚህ ዛፍ ስም አያልፍም ነበር። ዛሬ ግን ባሕሩ ራሱ ቤታችን ገብቷል።

ከነዚያ እናቶች አንዷ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ መድረሳችን መጡ። «ኡስታዝ፣ ልጄ ነገ ሊሄድ ነው። ዱዓ ያድርጉለት» አሉኝ። ልጃቸው እኔው ዘንድ ከአሊፍ ጀምሮ ጁዝ ዐማን የጨረሰ ጨዋ ልጅ ነው። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም፤ ገብቶኛል። ከማን ጋር፣ በየት በኩል፣ በስንት ብር ብዬም አልጠየቅሁም፤ መልሱን ፈርቼ ነበር። እጄን ዘርግቼ ዱዓ አደረግሁ። በልቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጁ አድጓል፤ በፈቃዱ ነው የሚሄደው»።

ሁለት ወር ሳይሞላ ከየመን ስልክ ተደወለ። ልጁ ታግቶ ነበር። የሚያለቅስ ድምፁን ለእናቱ እያሰሙ ገንዘብ ጠየቁ። ጎረቤቱና የመስጊዱ ጀመዓ አዋጥቶ ተላከ። ልጁ ተለቀቀ፤ ድንበር አቋርጦ ሳዑዲ ገባ፣ ታሰረ፣ በመጨረሻም ከብዙ መሰሎቹ ጋር በአውሮፕላን ተመለሰ። አብሮት ከሰፈራችን የወጣው ጓደኛው ግን አልተመለሰም። ለቅሶው ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ ሰው የሟቹን አባት ለማጽናናት ይሁን ራሱን ለማጽናናት «ምን ይደረጋል፣ በፈቃዱ ነው የሄደው» አለ። እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ከጥግ የተቀመጠው ተማሪዬ ቀና ብሎ አየኝና ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ኡስታዝ፣ እኛ የፈቀድነው ለሥራ ነው። ሌሊት ባሕር መሐል ውረዱ ሲሉን ማንም የፈቀደ አልነበረም» አለኝ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ በወቅቱ ያልሰጠሁት መልስ ነው።

የፈቃድ ድንበር

ሰው በገዛ ፈቃዱ አደጋ ውስጥ ከገባ፣ የሌላው ኃላፊነት እዚያው ያበቃልን? ጥያቄው ቀላል አይደለም። አላህ ለሰው ልጅ አእምሮና ምርጫ ሰጥቶታል። በሱረቱል በቀራህ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል አዞናል። ስለዚህ የባሕሩን አደጋ እያወቀ የሚሄድ ወጣት ከጥያቄ ነፃ ነው አልልም። ነፍሱ የአላህ አማና ናትና ስለ እርሷ ይጠየቃል። ነገር ግን የእርሱ መጠየቅ የሌሎቻችንን መጠየቅ አያነሳልንም። የአንዱ ጥፋት ለሌላው ጥፋት ፈቃድ የሚሆንበትን ዲን አናውቅም።

በኑዕማን ኢብን በሺር (ረ.ዐ.) በኩል ተላልፎ ኢማም ቡኻሪ የዘገቡትን የመርከቡን ምሳሌ አስቡ። ሰዎች በዕጣ ተከፋፍለው ገሚሶቹ ከመርከቡ በላይ፣ ገሚሶቹ በታች ይሆናሉ። የታችኞቹ ውሃ በፈለጉ ቁጥር በላይኞቹ በኩል ማለፍ አለባቸው። እነርሱን ላለማስቸገር ሲሉ በራሳቸው ድርሻ መርከቡን ሊበሱ ያስባሉ። የላይኞቹ ዝም ካሉ ሁሉም ይጠፋሉ፤ ከከለከሏቸው ሁሉም ይድናሉ።

ይህን ሐዲስ ለልጆች ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ለራሴ የተገለጠልኝ ግን ከዚያ ለቅሶ በኋላ ነው። የታችኞቹ ክፉዎች አይደሉም፤ የተጠሙ ናቸው። ክርክራቸውም «የራሳችን ድርሻ ነው» የሚል ነው። «በፈቃዱ ነው» የምንለውም ይህንኑ ነው። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ክርክር የላይኞቹን ነፃ አላወጧቸውም። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። ውሃው የሚቀዳው ከላይ ነበር። እጅ የሚይዝ ሰው ውሃ ካላወረደ ጥሙ እዚያው ነው፤ ነገም መርከቡን ሊበሱ ይነሳሉ። ወጣቱን «አትሂድ» ብሎ መምከር ብቻ፣ ሥራና ሕጋዊ መንገድ ሳያሳዩት፣ ግማሽ ግዴታ ነው።

ሕጉ ስለ ፈቃድ ምን ይላል?

በሰፈራችን ካለ ሕግ አዋቂ ወዳጄ ጋር ተቀምጠን መንግሥታት በዚህ ጉዳይ ላይ የተስማሙባቸውን ሰነዶች አየን። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት የተለያዩ ፕሮቶኮሎችን አጽድቋል። አንደኛው በሰው መነገድን፣ ሁለተኛው ስደተኞችን በየብስ፣ በባሕርና በአየር በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚመለከት ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ላይ ውሏል። አገራችንም በ2004 ዓ.ም. ተቀብላዋለች፤ ኋላም አዋጅ ቁጥር 909/2007ን፣ እርሱንም የተካውን አዋጅ ቁጥር 1178/2012ን አውጥታለች።

የሁለቱ ወንጀሎች ልዩነት ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። በሰው መነገድ ማለት ሰውን በማስገደድ፣ በማታለል ወይም ችግሩን መጠቀሚያ በማድረግ ለብዝበዛ መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም መቀበል ነው። ማሻገር ግን ሰውየው ፈልጎ፣ ከፍሎ፣ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ አገር እንዲገባ ለጥቅም ሲባል ማድረግ ነው። ስለዚህ በማሻገር ውስጥ የተሻጋሪው ፈቃድ ከመጀመሪያው አለ። ሕጉ ይህን እያወቀ አሻጋሪውን ወንጀለኛ ይለዋል። «ፈቅዶ ነው የከፈለኝ» ማለት ለደላላው መከላከያ አይሆነውም። በአንጻሩ ፕሮቶኮሉ በአንቀጽ 5 ስደተኛው ስለተሻገረ ብቻ በዚህ ወንጀል እንዳይከሰስ ይደነግጋል። የተሳፋሪውን ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ወይም ክብሩን መግፈፍ ደግሞ የአሻጋሪውን ወንጀል ያከብደዋል። አንቀጽ 16 መንግሥታት የተሻገሩትን ሰዎች በሕይወት የመኖር መብትና ከስቃይ የመጠበቅ መብት እንዲያስከብሩ ያዛል።

ከወረቀቱ ወጥተን መንገዱን እንየው። ልጁ አዲስ አበባ ላይ «እሺ» ይላል። ይህ እሺታ ለአንድ ደላላ፣ ለአንድ ዋጋና ለአንድ ተስፋ የተሰጠ ነው። ከዚያ በድሬዳዋ ወይም በጅግጅጋ በኩል ለሌላ ሰው ይተላለፋል። በጅቡቲ ኦቦክ ወይም በሶማሊያ ቦሳሶ ለሦስተኛ ሰው ይሰጣል። ባሕሩን ሲሻገር ጀልባዋ የማን እንደሆነች እንኳ አያውቅም። የመን ጠረፍ ላይ ደግሞ ብዙዎች በታጣቂዎች ተይዘው ለቤዛ ይደበደባሉ። በጉዞው መነሻ ማሻገር የነበረው፣ በመድረሻው ማገትና መነገድ ሆኗል። ታዲያ የአዲስ አበባው «እሺ» በየትኛው ከተማ አበቃ? በሸሪዓችን በንግድ እንኳ የማይታወቅ ዕቃ መሸጥና ማታለል ውሉን ያበላሸዋል። ለአንድ ኩንታል እህል የምንጠነቀቀውን ያህል ለልጅ ነፍስ እንዴት አንጠነቀቅም?

በባሕሩ ላይ የሆነው

ተማሪዬ የነገረኝ ነገር የእርሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 የየመን ሸብዋ ጠረፍ አጠገብ አሻጋሪዎች ወደ 120 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያንን የጸጥታ ኃይል ያዩ መስሏቸው ወደ ባሕር ገፍተር አድርገው ጣሏቸው። የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት (አይ.ኦ.ኤም.) እንደገለጸው የተጣሉት አማካይ ዕድሜ 16 ዓመት ገደማ ነበር። በማግስቱ ሌላ ጀልባ ተመሳሳይ ነገር ፈጸመ። በማርች 2021 ከጅቡቲ ከተነሳችና ቢያንስ 200 ሰዎች ከተጫኑባት ጀልባ ላይ 80 ያህሉ «ጭነቱ በዛ» ተብለው ወደ ውሃ ተገፍትረዋል፤ ቢያንስ 20ዎቹ ሞተዋል። በጁን 2024 ደግሞ ከቦሳሶ 260 ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን የጫነች ጀልባ ሸብዋ አቅራቢያ ተገልብጣ 49 ሰዎች መሞታቸውና 140 መጥፋታቸው በወቅቱ ተገልጿል። በኦገስት 2025 በአብያን ጠረፍ የሰጠመችው ጀልባ ላይ የነበሩትም አብዛኞቹ የኛው አገር ልጆች ነበሩ።

«ጭነቱ በዛ»! ሰው ጭነት የሚሆነው የጫነው ሰው በኪሎ ሲያስበው ነው። የነብዩ ዩኑስን (ዐ.ሰ.) ታሪክ የምናውቅ ሰዎች ከመርከብ ወደ ባሕር መጣል ምን ማለት እንደሆነ ከሕፃንነታችን እንሰማለን። እርሳቸውን በዓሣው ሆድ ውስጥ የጠበቃቸው አላህ ነው። ለአሻጋሪው ግን የአላህ ራሕመት ምክንያት አይሆነውም።

ስለ ማዳንስ ሕጉ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 98 የመርከብ አዛዥ፣ መርከቡንና ሰዎቹን ለከባድ አደጋ እስካላጋለጠ ድረስ፣ በባሕር ላይ ሊጠፋ ያለን ማንኛውንም ሰው እንዲረዳ ግዴታ እንዲጣልበት ያዛል። በ1979 የወጣው የባሕር ፍለጋና ማዳን ስምምነት ደግሞ ርዳታው የሰውየው ዜግነትና ደረጃ፣ የተገኘበትም ሁኔታ ሳይለይ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ውድ አንባቢ፣ ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ ይሏል። የሚሰምጥን ሰው «ማን ላከህ? ፈቃድ አለህ?» ብሎ መጠየቅ አይፈቀድም። መጀመሪያ እጁ ይያዛል፤ ጥያቄው ከደረቅ መሬት በኋላ ነው። በሱረቱል ማኢዳህ አንዲትን ነፍስ ሕያው ማድረግ የሰውን ዘር ሁሉ ሕያው እንደ ማድረግ መቆጠሩን የምንቀራ ሰዎች ይህ ሕግ ባዕድ አይሆንብንም።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ሙዓዊያ በባሕር ለመዝመት ፈቃድ በጠየቋቸው ጊዜ የባሕሩን ጠባይ አስጠንተው ከለከሉ። ሊሳፈሩ የፈለጉ ጀግኖች አልጠፉም ነበር። ዑመር ግን የሰዎቹ መፈለግ የእርሳቸውን አማና እንደማያነሳላቸው ያውቁ ነበር። ዑስማን (ረ.ዐ.) በኋላ ሲፈቅዱ ማንም እንዳይገደድ ሁኔታ አስቀመጡ። ሁለቱም ኸሊፋዎች ሰውን ባሕር ላይ ማሳፈር ተጠያቂነት እንዳለው አሳይተዋል።

የነጃሺ ችሎት

በዚሁ በቀይ ባሕር ላይ፣ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደኛ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ አሥራ አንድ ወንዶችና አራት ሴቶች ከመካ ተደብቀው ወጥተው በሹዐይባ ወደብ ሁለት የነጋዴ መርከቦች እንዳገኙ የሲራ ዘገባዎች ያወሳሉ። የተሳፈሩት በግማሽ ዲናር ነበር። ቁረይሾች እስከ ባሕሩ ተከትለዋቸው ሳይደርሱባቸው ቀሩ። መርከበኞቹ ገንዘባቸውን ተቀብለው ሰዎቹን በደኅና አደረሱ፤ መሐል ባሕር ላይ «ጨምሩ» አላሉም። ገንዘብ መቀበላቸው ነውር አልነበረም። ነውሩ አማናን ማጉደል ነው።

ከዚያ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዐስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ወደ ነጃሺ ላኩ። ሰዎቹ እንዲመለሱላቸው ፈለጉ። ሹማምንቱም ስጦታውን ተቀብለው ይመለሱ አሉ። ነጃሺ ግን ሰዎቹን ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም አሉ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ቆመው ተናገሩ፤ ንጉሡም ስጦታውን መልሰው ስደተኞቹን አስጠለሉ።

የመካ ስደተኞች በዲናቸው የተሳደዱ ነበሩ፤ የዛሬው የሰፈራችን ልጅ በአብዛኛው ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት የሚጠብቀው ስደት የሚያስፈራውን ሰው እንጂ ደመወዝ ፈላጊውን አይደለም። መንግሥትም ድንበሩን የመጠበቅና የመመለስ መብት አለው። ነገር ግን ማን የትኛው እንደሆነ ሳይሰሙ እንዴት ይታወቃል? የነጃሺ ፍትሕ እዚህ ላይ ነው፤ ከመመለስ በፊት መስማት። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በሜይ 2009 ባሕር ላይ ያገኘቻቸውን ስደተኞች ሳትሰማ ወደ ሊቢያ መለሰች። ከነርሱ 24ቱ፣ 11 ሶማሊያውያንና 13 ኤርትራውያን፣ ለአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ፍርድ ቤቱም በ2012 ጣሊያን መብታቸውን ጥሳለች ሲል ወሰነ። ነጃሺ ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት ያወቁትን ለማወቅ አውሮፓ ችሎት አስፈለጋት። ከመድረሳችን ቁልቁል ስመለከት የፈረንሳይና የእንግሊዝ ኤምባሲዎች ሰፋፊ ግቢዎች ይታዩኛል። እነዚህ አገሮች ከላይ የጠቀስኩትን ፕሮቶኮል ተቀብለዋል። ከበራቸው አጠገብ ለሚያድገው ልጅ ግን ባሕሩ ከበሩ ይልቅ የቀረበ ሆኖ ይታየዋል።

አውሮፓን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይሆንም። ሒዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በኦገስት 2023 ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች እ.ኤ.አ. ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ሁለቱ ሐረሞች ያሉበትን ምድር የምንወድ ሰዎች ስለ እውነት ስንል እንዲህ ያለ ነገር በገለልተኛ አካል እንዲጣራ መጠየቅ ይገባናል። በሱረቱን ኒሳእ በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንቆም ታዘናልና።

ወደ ቤታችን እንመለስ

ስለ መንግሥታት ይህን ያህል ከተናገርን ስለ ራሳችን ዝም ማለት አይገባም። ደላላው ከሰማይ አልወረደም። በሰፈራችን ይታወቃል፤ ሠርጋችን ላይ ይበላል፤ አንዳንዴም በሶላት ሰፍ ከጎናችን ይቆማል። ልጁ ሲያልፍለት «ባለውለታ»፣ ሲሞት ደግሞ «ቀደር ነው» ይባልለታል። ቀደር እውነት ነው፤ ነገር ግን ለበዳይ መሸሸጊያ አይደለም።

ለወላጆች የምለው ይህን ነው። እንጨት ተሸክመው ያሳደጉትን ልጅ ለመላክ መበደራችሁ ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። «የእገሌ ልጅ ቤት ሠራ» የሚለው ወሬ ግን ያልተመለሱትን አይቆጥርም። ልጃችሁ ልሂድ ሲል እኔ ያልጠየቅሁትን ጠይቁ፦ ከማን ጋር? በየት በኩል? መንገድ ላይ ቢታሰር ወይም ቢሞት የሚጠየቀው ማን ነው? ለነዚህ መልስ የሌለው ደላላ የልጃችሁን አማና ሊይዝ አይችልም። ለውጭ አገር ሥራ በአዋጅ የተደነገገ ሕጋዊ መንገድ አለ። ጠባብና ዘገምተኛ ቢሆንም ተጠያቂ የሚሆን ሰው አለበት።

ለታገተ ልጅ ቤዛ ማዋጣትን በተመለከተ ብዙዎች ይጠይቁኛል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ምርኮኛን ማስፈታት አዘዋል፤ ያዋጣችሁ ሰዎች አላህ ይቀበላችሁ። ነገር ግን ገንዘቡን ልከን የላከውን ደላላ ለሕግ ሳናሳውቅ ከቀረን፣ የሚቀጥለውን ልጅ በገዛ ዝምታችን እናሳግታለን። የተመለሰውን ደግሞ «ባዶ እጁን መጣ» ብለን አናሳፍረው። ነፍሱን ይዞ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አልመጣም።

ያ ተማሪዬ ዛሬ መገናኛ አካባቢ በአንድ ጋራዥ ይሠራል። አንዳንድ ጁሙዓ መድረሳው ብቅ ይላል። ስለ ጓደኛው ብዙ አናወራም። በቅርቡ ግን እንዲህ አልሁት፦ «ልጄ፣ ያን ቀን በለቅሶው ቤት ራሴን ነቅንቄ ነበር። ተሳስቼ ነበር። ጓደኛህ መሄድን ፈቀደ እንጂ መጣልን አልፈቀደም። እኔም ዱዓ አደረግሁ እንጂ አልጠየቅሁም። አፉ በለኝ።» እርሱም «አላህ ይቅር ይበለን» አለኝና ዝም አለ።

ስለዚህ «በፈቃዱ ነው የሄደው» የሚለውን ቃል ከአፋችን እንከልክለው። የሚናገረው ስለ ሟቹ ይመስላል፤ የሚያድነው ግን ደላላውን፣ ባሕር ላይ የጣለውን፣ ሳይሰማ የመለሰውንና ዝም ያልነውን እኛን ነው። የቂያማ ቀን እያንዳንዱ ስለ ተሸከመው አማና ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ «ፈቅዶ ነበር» ማለት እንደማይበቃን እፈራለሁ።

አላህ በባሕርና በበረሃ ያሉ ወገኖቻችንን ይጠብቅልን። የሞቱትን ይማርልን፤ ለእናቶቻቸው ሶብር ይስጥልን። በአገራችን ሐላል ሪዝቅ ያብዛልን። የተጣለብንንም አማና የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።